ባሌ፣ ነጭ ሳር ወይስ አብያታ ሻላ? ከሀዋሳ ተነሥቶ ለአንድ ወቅት ፓርክ ሄዶ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው

በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። የሚደውሉልኝ ከወንዶ ገነት የዱር እንስሳት ትምህርት ጨርሰው ሥራ የሚጠብቁ ልጆች ናቸው፤ አለዚያም እዚሁ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ሲያስተናግዱ ቆይተው ወጣ ብለው መሥራት የፈለጉ። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። "ባሌ ዲንሾ አካባቢ ያለ ሎጅ ለስድስት ወር ሰው ይፈልጋል፤ አርባ ምንጭም አንድ ቦታ ተገኝቷል፤ የቱን ልያዝ?" እኔም መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ የት ልትተኙ ነው?

ደመወዙን የማይጠይቅ የለም። እንስሳቱንም እንደዚያው። መኝታውንና የሠራተኛውን ወጥ ቤት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም በመጀመሪያው ጊዜ አልጠየቅሁም። በስልክ "መኝታና ምግብ በእኛ ነው" ተባልኩ፤ በቃ ብዬ ሻንጣዬን ያዝኩ። ስደርስ መሽቶ ነበር። የተሰጠኝ አልጋ መጋዘን ውስጥ፣ በሽንኩርት ጆንያና በጋዝ ሲሊንደር መካከል የተዘረጋ አንድ የብረት አልጋ ሆኖ ተገኘ። ቀን ቀን የሌሊቱ ዘበኛ ይተኛበታል፤ ማታ ደግሞ እኔ። እሱ ተነሥቶ ካፖርቱን ሲደርብ እኔ ገና ሙቀቱ ባልወጣ ፍራሽ ላይ እጋደማለሁ። ሦስት ወር እንዲህ ሠራሁ። ሥራውን ወድጄዋለሁ፣ ሰዎቹንም እስከ ዛሬ እናፍቃለሁ፤ ነገር ግን በሦስተኛው ወር መጨረሻ ላይ ከድካሜ የተነሣ ቀጥሉ ያሉኝን ኮንትራት ትቼ ተመለስኩ። በእንቅልፍ እጦት የጠፋ ኮንትራት ነው።

ስለዚህ ፓርኮቹን ከማወዳደሬ በፊት የማወዳድርባቸውን ነገሮች ላስቀድም። መኝታው ምን ዓይነት ነው፣ ስንት ሰው ይጋራዋል፣ ቁልፍ አለው ወይ? ምግቡ ከማን ነው፣ በጾም ቀንስ? አየሩና በሽታው እንዴት ነው? ቤተሰብ ቢታመም ሀዋሳ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በምን ቋንቋ ነው ከመንደሩ ሰው ጋር የምትግባቡት? በመጨረሻም ወቅቱ ሲያልቅ እጃችሁ ላይ ምን ይቀራል፣ ገንዘቡም ልምዱም?

ገንዘቡን በወረቀት ላይ ማስላት ይሻላል። እንበል አንዱ ሎጅ 8,000 ብር ከነመኝታና ከነምግቡ፣ ሌላው ከተማ ውስጥ 11,000 ብር ያለ ምንም አቀረበላችሁ። በሁለተኛው ላይ ለቤት ኪራይ 2,500፣ ለምግብ በቀን 150 ማለትም በወር 4,500፣ ለባጃጅ 600 ብታወጡ 7,600 ሄደ፤ የሚቀረው 3,400 ብር ነው። ቁጥሮቹ ለስሌቱ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡበት። በስልክ ትልቅ መስሎ የተሰማው ደመወዝ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያንሳል።

ሌላም አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከሀዋሳ ሄዳችሁ በእነዚህ ፓርኮች የአካባቢ አስጎብኚ፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ወይም ፈረስ ጫኝ እሆናለሁ ብላችሁ አትነሡ። እነዚህ ሥራዎች በአብዛኛው በማኅበር የተደራጁ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ መሆንም አለበት። በፓርኩ ድንበር የሚኖረው ገበሬ ግጦሹን ተከልክሎ፣ ማሳውን ከርከሮ እየበላበት፣ ከፓርኩ የሚያገኘው የሚታይ ጥቅም ይኸው ነው። ለእናንተ የተከፈቱት በሮች የሎጅና የሪዞርት ሥራ፣ የጥናት ረዳትነት፣ ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር በምግብ አብሳይነት ወይም በሾፌርነት መጓዝ፣ ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ የተግባር ልምምድ ናቸው።

ባሌ ተራሮች

ከሀዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፋችሁ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ ትገባላችሁ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ። ሀዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በግማሽ ቀን መንገድ 1,400 ሜትር ትወጣላችሁ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ቢሰማችሁ አትደንግጡ፤ ውሃ ጠጡ፣ አትሩጡ። 4,000 ሜትር የሚደርሰው የሳነቴ አምባ ላይ ወጥታችሁ ግን ራስ ምታቱ ከማስመለስ ጋር ከመጣ ወይም መንገዳገድ ከጀመራችሁ፣ ሥራ አለኝ ሳትሉ ወዲያው ወደ ታች ውረዱ። ከዚያ በላይ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው።

ብርዱን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎችን የሚመልሰው እሱ ነው። ቱሪስት የሚበዛበት የበጋው ወቅት ሌሊቱ ከሁሉም የሚከፋበት ወቅት ነው። ታኅሣሥ ላይ ዲንሾ ማለዳ ተነሥታችሁ ከደጅ ያደረውን ባልዲ ስታነሡ ላዩ ስስ በረዶ ይዞ ታገኙታላችሁ። ማታ የተሰጣ አንሶላ ጠዋት እንደ ደረቀ ቆዳ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ለማጠፍ ብትሞክሩ ይሰበራል የሚመስል ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ እዚያ ያሉ የቤት አያያዝ ሠራተኞች አጠባውን የሚጀምሩት ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊትም ያነሡታል። እጅ ይሰነጠቃል። ቫዝሊን፣ ወፍራም ካልሲ፣ ጋቢና የራሳችሁ ብርድ ልብስ ያስፈልጋችኋል፤ እንግዳው ክፍል ውስጥ ምድጃ ስላለ የሠራተኛውም ክፍል አለው ማለት አይደለም። "የሠራተኛ ክፍል ምን ያህል ብርድ ልብስ አለው?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ።

ሌላው ማንም የማያነሣው የምግብ ጉዳይ ነው። አካባቢው በብዛት ሙስሊም ነው፤ ምግብ ቤቶቹም እንደዚያው። ክርስቲያን ከሆናችሁና ሥጋ የምትበሉ ከሆነ የት እንደምታገኙ አስቀድማችሁ አጣሩ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚገባው ልክ ሥራው በሚጦፍበት ሰሞን ነው፤ ሎጁ ለሠራተኛው የጾም ወጥ ለይቶ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። እንግዳ ሆናችሁ የሰው አገር ስትገቡ በገበታ ላይ መከባበር ከሁሉ በፊት ነው፤ የዲንሾ ሰው በዚህ በኩል ደግ ነው፣ ሻይ ሳያጠጣችሁ አያሳልፋችሁም። አፋን ኦሮሞ ብትችሉ ኑሮው በግማሽ ይቀላል። ሰላምታውንና የገበያውን ቁጥር ብቻ እንኳ ብታውቁ ለውጡን በሳምንት ውስጥ ታዩታላችሁ።

እነዚህን ሁሉ አልፎ ለተቀመጠ ሰው ባሌ የሚሰጠውን ሌላ ቦታ አላገኘሁም። በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ከ500 የማይበልጥ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚህ ነው። ማለዳ ወጥ ቤት ስትሄዱ የደጋ አጋዘን ጥዱ ሥር ቆሞ ያያችኋል፤ ከርከሮዎቹም ከግቢው አይርቁም። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ለወንዶ ገነት ምሩቅ እዚህ በረዳትነት ያሳለፈው አንድ ወቅት ከሌላ ቦታ ሁለት ዓመት ይበልጥበታል ብዬ አምናለሁ፤ የውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለምን ለቀበሮው ሕይወት እንደሆነ፣ አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) ለምን በበጋ እንደሚቃጠል፣ ከብትና ፓርክ እንዴት እንደሚጋጩ በዓይኑ የሚያየው እዚያ ነው።

ከሳነቴ ማዶ፣ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው ወገን ሌላ ዓለም ነው። ዝቅ ስለሚል ይሞቃል፣ ይዘንባል፣ ጫካ ቡና ይበቅልበታል። እዚያ ሥራ ከተገኘ ግቢ ውስጥ መኖር ግድ ነው፤ ከተማ ሩቅ ስለሆነ ብር የምታጠፉበት ቦታ የለም፣ ስለዚህ ይቆጠባል። ብቸኝነት የማይችል ሰው ግን አይሂድ። ሶላር በሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚያበራ፣ ኔትወርክ የት ጉብታ ላይ እንደሚገኝ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ነጭ ሳር

እዚህ ነገሩ ተገልብጦ ነው። የምትኖሩት ፓርክ ውስጥ ሳይሆን አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ፣ ሲቀላ ወይም ሴቻ፣ ክፍል ተከራይታችሁ ነው። ፓርኩ ከከተማው ጋር የተያያዘ ነው፤ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ያለውን የእግዜር ድልድይ አልፎ ወደ ነጩ ሣር ሜዳና ወደ ሜዳ አህዮቹ ይዘልቃል። አብዛኛው የወቅት ሥራ ግን ሐይቆቹን ቁልቁል በሚያዩት የሴቻ ሎጆችና ሆቴሎች ነው። ቱሪስቱ የአዞ ገበያን፣ ማለትም ጫሞ ላይ አዞዎች የሚሰበሰቡበትን ዳርቻ፣ በጀልባ ለማየት ይመጣል፤ ወደ ኮንሶና ወደ ጂንካ የሚያልፈውም እዚህ ያድራል። ስለዚህ የእንግዳው ፍሰት ከባሌ ይልቅ የተረጋጋ ነው።

የሆቴል ሙያ መያዝ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥሩ ቦታ ነው። አማርኛ የትም ያግባባል፣ ጋሞኛ የተማረ ደግሞ ይወደዳል። ዓሣው፣ ሙዙና ማንጎው ቅርብ ነው፤ ሆስፒታል አለ፣ ባንክ አለ። ሥራው ባይስማማችሁ ጎን ላይ ሌላ ሆቴል አለ፤ ዲንሾ ላይ ይህ ዕድል የለም። ድክመቱ ከላይ ያሰላነው ነው፤ ኪራዩና ምግቡ ደመወዙን ይበላዋል።

ወባውን ግን አቅልላችሁ አትዩት። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሎጁ ለእንግዳ እንጂ ለሠራተኛ ላይሰቅል ይችላል። በተለይ ከዝናቡ በኋላ ባሉት ሳምንታት ተጠንቀቁ፤ እዚያ ደግሞ ዝናቡ ሚያዝያና ግንቦት ላይ አንድ ጊዜ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሌላ ጊዜ ይመጣል። ወባ ከትንኟ ንድፊያ በኋላ አንድ ሳምንት አልፎም እስከ ወር ድረስ ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። ጓደኛዬ ለፋሲካ ሀዋሳ መጥታ ትኩሳት ሲይዛት የመንገድ ብርድ ነው ብላ ዝንጅብል እየጠጣች ተኛች፤ በአራተኛው ቀን ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ነው ደም ምርመራ የተደረገላት። ከአርባ ምንጭ ከተመለሳችሁ በኋላ ቢያተኩሳችሁ፣ ጤና ጣቢያ ስትገቡ ገና ስማችሁን ሳትናገሩ ከየት እንደመጣችሁ ተናገሩ።

አብያታ ሻላና የላንጋኖ ዳርቻ

ቅርቡ ይህ ነው። በሻሸመኔና በአርሲ ነጌሌ አድርጎ በሚኒባስ ጠዋት ተነሥቶ ከምሳ በፊት መድረስ ይቻላል፤ በዕረፍት ቀን እናት ቤት ደርሶ መመለስ ይቻላል። ታማሚ ወላጅ ወይም ትንሽ ልጅ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ይህ አንድ ነጥብ ብቻውን ሌላውን ሁሉ ሊመዝን ይችላል።

በፓርኩ ውስጥ ራሱ የሎጅ ሥራ ትንሽ ነው። ሥራው ያለው ከአስፋልቱ ማዶ፣ በላንጋኖ ሪዞርቶች ነው። እዚያ ወቅቱ የሚቆጠረው በወር ሳይሆን በሳምንት ነው፦ ዓርብ ማታ ከአዲስ አበባ መኪና ይግተለተላል፣ እሑድ ከሰዓት ይጸዳል። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ላይ እንቅልፍ የለም፤ ማክሰኞ ላይ ደግሞ ግቢው ጭር ይላል። ለተማሪ ወይም ሌላ ሥራ ላለው ሰው የሚመች ነው። በቋሚ የወር ገቢ ቤት ለሚያስተዳድር ግን አደገኛ ነው፤ የቀን ሠራተኛ አድርገው ሥራ ባለበት ቀን ብቻ የሚከፍሉ አሉና።

ተፈጥሮን ለሚወድ ግን በጥር የሚደረገው የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ፤ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፣ ክፍያውም የውሎ አበል ያህል ነው፤ ግን ሂዱ። አብያታ ዳር በቴሌስኮፕ ፍላሚንጎ የምትቆጥሩት ማለዳ ነው፤ ፀሐይዋ ከጠነከረች አየሩ ይወዛወዝና አሥሩ ወፍ ሃያ ይመስላል። ዳርቻው ላይ ጨው የመሰለው ቅርፊት ደረቅ ይመስላል፤ ስትረግጡት ይሰነጠቅና እስከ ጉልበት ጭቃ ውስጥ ትገባላችሁ። የቆማችሁበት ቦታ ራሱ ድሮ ሐይቅ ነበር። ውሃውን የሚመግበው ከዝዋይ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ እየተሳበ፣ ከሐይቁ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ እየተቀዳ አብያታ እጅግ ሸሽቷል፤ ዓሣውም ወፉም አብሮት ቀንሷል። ጎኑ ያለው ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ይዞ ሲቀመጥ ይህኛው እንዲህ ሲደርቅ ማየት ያማል። እዚያ ቆሞ የቆጠረ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አያጣም።

አዋሽን ያላነሣሁት ለሀዋሳ ሰው ስለሚርቅ ነው፤ ለአዳማ ልጅ ግን የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው፣ በመተሐራ መንገድ ላይ ስለሆነ። ሙቀቱን ቻሉት፤ ደግሞም በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ነዋሪዎችን አስነሥቶ ነበርና ያለውን ሁኔታ ጠይቁ። ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ለእኛ ቅርብ ቢሆንም 54 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ትንሽ ቦታ ነው፤ ለልምምድና ለጥናት እንጂ ለመተዳደሪያ አይሆንም።

| መመዘኛ | ባሌ | ነጭ ሳር | አብያታ ሻላና ላንጋኖ |
|---|---|---|---|
| መኝታ | አብዛኛውን ጊዜ ግቢ ውስጥ፣ የጋራ | ከተማ ውስጥ ኪራይ | ሪዞርት ውስጥ ወይም ተመላላሽ |
| ምግብ | ከአሠሪው፤ ጾምና ሥጋው ይጠየቅ | በራስ፤ ገበያው ጥሩ | በሥራ ቀን ከአሠሪው |
| አየር | ሌሊቱ ውርጭ | ሙቀት | ቀን ሞቃት፣ ማታ ነፋሻ |
| የጤና ስጋት | ከፍታ፣ ብርድ | ወባ | ወባ |
| ሀዋሳ ለመድረስ | ግማሽ ቀን | ሙሉ ቀን ያዙለት | ጥቂት ሰዓት |
| ቋንቋ | አፋን ኦሮሞ ያስፈልጋል | አማርኛ ይበቃል | አፋን ኦሮሞ ይረዳል |
| ሥራ የሚበዛው | ከጥቅምት እስከ የካቲት | ከመስከረም እስከ የካቲት | ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት |
| ለመቆጠብ | ጥሩ | ደካማ | መካከለኛ፣ ገቢው ይዋዥቃል |

ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት

በግል ሎጅ የምትቀጠሩ ከሆነ የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው (በመንግሥት መሥሪያ ቤት በኩል የሚቀጠር በሌላ ሕግ ይተዳደራል)። አዋጁ በየዓመቱ እየተደጋገመ ለሚመጣ የወቅት ሥራ የተወሰነ ጊዜ ውል ይፈቅዳል፤ ስለዚህ "ለወቅት ስለሆነ ውል የለም" የሚባል ነገር የለም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። አስተውሉ፤ የሦስት ወር ውል ላይ 60 የሥራ ቀን ሙከራ ከፈረማችሁ አብዛኛው ዘመናችሁ በሙከራ ያልቃል፤ አሳጥሩልኝ በሉ።

መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ገናና ጥምቀት በወቅቱ እምብርት ላይ ስለሚውሉ ይህ የመጨረሻው ቁጥር ትልቅ ገንዘብ ነው። የሠራችሁበትን ሰዓት በደብተር ላይ በየቀኑ መዝግቡ፤ እኔ አልመዘገብኩም ነበርና የሁለት በዓል ሒሳብ ማስረዳት አቅቶኝ ቀረ። ሰርቪስ ቻርጁና ጉርሻው እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ወጥ ቤት ያሉት ይገባቸው እንደሆነ ጠይቁ። ዋናውን ዲግሪ ለማንም አታስይዙ፤ ቅጂ ይበቃል።

ታዲያ ለማን የቱ?

ገና ለተመረቀ የዱር እንስሳት ተማሪ ደመወዙ ቢያንስም ባሌን እመርጥለታለሁ፤ ብርዱን የሚችል ሳንባና ትዕግሥት ካለው። ገንዘብ አጠራቅሞ ጥር ላይ ለመመለስ የሚፈልግ ሰው መኝታና ምግብ በእርግጥ የሚሰጥ ሩቅ ሎጅ ይፈልግ፣ በሐረና በኩል ያለውን ዓይነት። ሆቴል ሙያዬ ነው የሚል አርባ ምንጭ ይሂድ፤ ሁለት ሆነው ክፍል ቢጋሩ ኪራዩ ይቀላል። ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ያለው ላንጋኖን ይያዝ፣ ነገር ግን በቀን ሒሳብ ሳይሆን በወር ደመወዝ ይዋዋል። ሴቶች ደግሞ በሁሉም ቦታ ስለ ክፍሉ ቁልፍ፣ ስለ ሽንት ቤቱ ርቀትና ከማታ ሺፍት በኋላ ማን እንደሚያደርሳቸው ሳይጠይቁ እሺ አይበሉ፤ ይህን በመጠየቋ የሚቀየም አሠሪ ያጋጠማት ሴት መልሱን አግኝታለች።

ባሌም ላንጋኖም ስትሄዱ የመንገዱን ሁኔታ ከመነኸሪያ ሾፌሮች በዚያው ሳምንት አጣሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአሠሪው ሳይሆን ባለፈው ዓመት እዚያ ከሠራ ሰው ጋር አውሩ፤ አሠሪው ስልኩን እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። ያገኛችሁትን ሰው ስለ ደመወዙ መጨረሻ ላይ ጠይቁት። መጀመሪያ የሌሊቱ ዘበኛ ቀን ቀን የት እንደሚተኛ ይንገራችሁ።